ላይ ሰፈር ሲግናል የለም

በእኛ ቀበሌ ቧንቧ ሲደርቅ «ውሃ ጠፋ» የሚል ሰው አሁን የለም። «ሲግናል የለም» ነው የሚባለው። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ «ሎስ አለው» ይላሉ። ከምንጩ የሚወርደው ወፍራሙ መስመር ደግሞ ባክቦን ነው፤ ክረምት ሲገባ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ «ባክቦኑን ጎርፍ እንዳይበላው ድንጋይ ደርድሩበት!» ብለው ሲቆጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ግማሹ ያኮራኛል፣ ግማሹ ያሳፍረኛል።

ስሜ ሰርካለም ነው። አስራ አንድ ዓመት የፋይበር መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ፋይበር ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፤ ብርሃን በውስጡ እየሮጠ የሰውን ድምፅና ምስል ያደርሳል። የእኔ ሥራ የተቆረጠውን ክር ማጋጠም፣ ብርሃኑ የት ላይ እንደሚባክን መፈለግና መስመሩን እስከ ሰው ቤት ማድረስ ነበር። ከደሴ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ ያልወጣሁበት ምሰሶ ጥቂት ነው። የቀጠረኝ ተቋራጭ ሥራውን ጨርሶ ሠራተኛውን ሲበትን፣ የእናቴን ቤት ጣራ ላስቀይር ብዬ ወደ አገሬ መጣሁ። ጣራው ተቀየረ፣ እኔም በዚያው ቀረሁ።

አገሬ ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል ተራራ ሲወጡ ያለች ቀበሌ ናት። ታች ሰፈር፣ መሀል ሰፈርና ላይ ሰፈር የሚባሉ ሦስት ሰፈሮች አሏት። ላይ ሰፈር ጉብታ ላይ ናት። ከዚያ ሆኖ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር፣ የእስጢፋኖስ ገዳምን ዛፎች ሳይቀር ማየት ይቻላል። ያን ሁሉ ውሃ ቁልቁል እያዩ የሚኖሩት የላይ ሰፈር ሴቶች ግን ለአንድ ጀሪካን ውሃ አንድ ሰዓት ገደል ወርደው፣ አዝለው ሁለት ሰዓት ይወጣሉ። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያበሽቀኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት «ቧንቧውን እኛ እንሰጣለን፣ ቦዩን እናንተ ቆፍሩ» አለን። ተራራው ላይ፣ ከላይ ሰፈርም ከፍ ብሎ ካለው ሩቅ ምንጭ ሥር የሲሚንቶ ገንዳ ተሠራ፣ የድርጅቱ ባለሙያም ንድፉን ትቶልን ሄደ። አራት ሰው ያለበት የውሃ ኮሚቴ ተመረጠ። ሰብሳቢው አሻግሬ ሆነ፤ የታች ሰፈር ሽንኩርት አምራች ነው፣ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልገው ሰውዬ። ከላይ ሰፈር እትዬ ሐቢባ ተመረጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ቀልድ ግን የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። አያ ኑርዬም ገቡ፤ እሳቸው የመስኖው የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ከወንዙ የተጠለፈውን ውሃ ለየማሳው የሚያካፍል፣ ገበሬው ተስማምቶ የሚሾመው ሰው ነው። አራተኛዋ እኔ፣ «ኢንጂነሯ»። ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፤ አራተኛውን ጊዜ ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ አለኝ።

ንድፉ ከገንዳው የሚነሱ ሁለት መስመሮች ነበሩት። አንዱ ለላይ ሰፈር ብቻ ይሄዳል፣ ሌላው ለመሀልና ለታች ይወርዳል። አየሁትና ሳቅሁ። ስብሰባ ተጠርቶ ሰዉ ሁሉ ሣሩ ላይ ሲቀመጥ ተነስቼ ቆምኩ።

«በፋይበር እንዲህ ያለ ብክነት የለም» አልኩ። «አንድ ባክቦን ነው የሚወርደው። መሀል ላይ ስፕሊተር ይቀመጣል።»

ስፕሊተር ምን እንደሆነ አስረዳሁ። አንዱን ብርሃን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እኩል የምትከፍል፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። እኛም መሀል ሰፈር ጫፍ ላይ የሲሚንቶ ሳጥን እንሠራለን፤ አንድ ወፍራም ቧንቧ ይገባል፣ ሦስት እኩል ቧንቧዎች ይወጣሉ፣ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ቦኖ። የሚተርፈውን ቧንቧ ከመሀል ሰፈር መስመር ቀጥለን ለትምህርት ቤቱ እንዘረጋለን። ትምህርት ቤቱ ሲነሳ ተጨበጨበ። አሻግሬ «እኩል! እኩል!» እያለ ጮኸ። አያ ኑርዬ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ዝም አሉ። ዝምታቸውን ለስምምነት ቆጠርኩት።

ቁፋሮው ሃያ ስድስት ቀን ፈጀ። ቃላቱ በሰዉ አፍ የገቡት ያኔ ነው። ቧንቧ ስናጋጥም «ሎስ እንዳይኖረው!» እያልኩ ስለምጮህ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም እንደኔ መጮህ ጀመረ። እትዬ ሐቢባ ንፍሮ ተሸክመው ሲመጡ እያነከሱ «ይች ጉልበቴስ መቼ ነው የምትጋጠመው? ሎስ በሎስ ሆናለች» ይላሉ፤ ቆፋሪው ሁሉ ይስቃል።

ከገንዳው እስከ ሳጥኑ ያለው አለታማው ቦታ በቁፋሮ ድርሻ ለላይ ሰፈር ደርሶ ነበር። ዶማ አልበላው ሲል በድጅኖ እየፈለጡ አንድ ክንድ ለመውረድ ቀን ሙሉ ይውላሉ። በአስረኛው ቀን ወንዶቹ ሰለቹ። «ለመሆኑ ውሃው እንደሚደርሰን ማን ያውቃል?» ብለው ተቀመጡ። እትዬ ሐቢባ የንፍሮውን ቅርጫት መሬት አስቀምጠው ከመሀላቸው ቆሙ።

«ወላሂ ይች ልጅ አትዋሽም! ዋስ እኔ ነኝ። ቆፍሩ!» አሉ።

ቆፈሩ። ያን ቀን በደስታ ሰክሬ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት። ዋስ መሆናቸው ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ በኋላ ነው።

መስመሩ ሲያልቅ እንደ ሙያዬ ሞከርኩት። በፋይበር እያንዳንዱ መውጫ ለብቻው ነው የሚለካው። የታችን ከፍቼ አየሁና ዘጋሁ። የመሀልን ከፍቼ አየሁና ዘጋሁ። ከዚያ ላይ ሰፈር ወጥቼ ቦኖውን ስከፍት ውሃው እየተንደቀደቀ ወረደ። እትዬ ሐቢባ እልል አሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ፊቴን በእርጥብ እጃቸው ዳበሱኝ። «ሲግናሉ ሙሉ ነው» አልኳቸው፤ እኔም አምኜበት ነበር።

ምርቃቱ እሁድ ሆነ። ሼኹ ዱአ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ፣ አሻግሬ ማንም ያልጠየቀውን ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ በፊሽካ ሦስቱም ቦኖዎች ባንድ ጊዜ ተከፈቱ። እኔ ላይ ሰፈር ነበርኩ። ከታች እልልታ ተሰማ። ከመሀልም ተሰማ። እኛ የቆምንበት ቧንቧ ሁለት ጊዜ አሳለ፣ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ዝም አለ።

እትዬ ሐቢባ ቢጫ ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር እንደደቀኑ «አብሽሩ፣ መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» አሉ ለሰዉ። ሰዉ ጠበቀ። የዙህር ሶላት አለፈ። የአስር ሶላት ሲቃረብ አንድ አንድ እያለ መሄድ ጀመረ። አንዱ ጎልማሳ ሲያልፍ «ላይ ሰፈር ሲግናል የለም» ብሎ ሳቀ፤ ያስተማርኩት ቃል ተመልሶ እኔኑ መታኝ። እትዬ ሐቢባ ግን ጀሪካኑን አላነሱም። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ሰኞ ወሬው ተነሳ። «ሐቢባ ላባችንን ለታች ሰፈር ሸጠችው» ተባለ። ማክሰኞ ላይ ሰፈር ተሰብስቦ ወሰነ፤ እስከ ጁምዓ ውሃ ካልመጣ፣ ከሶላት በኋላ በእጃቸው የቆፈሩትን ቦይ መልሰው ከፍተው ባክቦኑን ነቅለው ያወጣሉ። ያ ማለት ለሦስቱም ሰፈር፣ ለትምህርት ቤቱም ጭምር ውሃ የለም ማለት ነው። እትዬ ሐቢባንም ከኮሚቴው ለማውረድ ተስማምተዋል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ገደሉን በዱላ እየተደገፉ ሲወጡ አግኝቼ ጀሪካኑን ስቀበላቸው።

«አይክፋሽ የኔ ልጅ» አሉኝ እያለከለኩ። «ዋስ የሆነ ሰው የሚመጣውን መቻል ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጡ እመልስ ነበር፤ መመለስ እችልበታለሁ። እንዲህ ሲሉኝ ግን ጀሪካኑን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ እንደ እብድ ዞርኩ። ብርሃን ሲጠፋ ስህተቱ ወይ መጋጠሚያ ላይ ነው፣ ወይ ክሩ የታጠፈበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከሳጥኑ እስከ ላይ ሰፈር ያለውን መስመር መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ቆፍሬ፣ መሬት ተኝቼ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። አንድ ጠብታ አይፈስም። ሎስ የለም። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የመሀልና የታች ቫልቮች በግማሽ ዘጋሁ። ላይ ሰፈር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሻግሬ መጥቶ ከፈታቸው።

«እኩል ብለሽን የለም እንዴ? ይኸው እኩል ነው፣ አትነካኪው!» አለኝ።

እሱ ሲሄድ ሳጥኑን በእርግጫ መታሁት። ሳጥኑ ምንም አልሆነም፣ የእኔ አውራ ጣት ግን አበጠ።

ሐሙስ ጠዋት እያነከስኩ አያ ኑርዬን ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ማሳ ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት የሚቆጣኝ ትልቅ ሰው ፈልጌ ይሆናል። አካፋቸውን ይዘው ከመስኖው ቦይ ዳር ቆመዋል። ቦዩ አምስት ቦታ ይከፈላል። አራቱን አፍ በጭቃና በሣር ደፍነው አንዱን ብቻ ከፍተዋል። የተከፈተው ከሁሉም የራቀው፣ መሬቱም ትንሽ ከፍ የሚለው ማሳ ነው።

«አያ ኑርዬ፣ ለምን ከሩቁ ጀመሩ?» አልኳቸው።

«ለሩቁማ ካልጀመርኩለት መቼ ሊደርሰው?» አሉ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ። «ለቅርቡና ዝቅ ላለው ውሃው ራሱ ያውቅበታል፣ ማንም ሳያዘው ይሄዳል። እኔን የሾሙኝ ለሩቁና ከፍ ላለው ብለው ነው።»

«አራቱ ካልተዘጉ ይህኛው አይጠጣም?»

«ኧረ አይደርሰውም! ሁሉም ባንድ ላይ ከተከፈተ ጉልበት ያጣል።»

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ብርሃን ላይና ታች አያውቅም። ዳገት ላይ ላለው ቤትም፣ ገደል ውስጥ ላለው ቤትም ስፕሊተሩ እኩል ነው የሚያካፍለው፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የመስመር ርዝመት እንጂ የቤት ከፍታ ለክቼ አላውቅም። ውሃ ግን ክብደት አለው። ቁልቁል ክፍት በር ካገኘ ሽቅብ የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ስሞክረው ላይ ሰፈር የደረሰው ሌሎቹን ዘግቼ ስለነበር ነው። ጀሪካን ተሸክማ ገደል የወጣች የስምንት ዓመት ልጅ እንኳ የውሃን ክብደት ታውቃለች፤ እኔም በስምንት ዓመቴ አውቀው ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ እፍረቴ ነው የጮኸው።

አያ ኑርዬ አካፋቸውን ተደገፉ። «አንቺ ስታወሪ የነበረው ስለ ብርሃን ነው። እኔ ብርሃን አጠጥቼ አላውቅም። አገር የዞረች ልጅ ናት፣ እኛ የማናውቀው ነገር አግኝታ ይሆናል አልኩ። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?»

ማንም አልጠየቃቸውም። አርባ ዓመት ውሃ ያካፈለ ሰው ፊቴ ተቀምጦ፣ ስለ ውሃ ማካፈል ንግግር አድርጌ አስጨብጭቤያለሁ። ተነስቼ «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«አፉ ብያለሁ፣ ተነሽ ከጭቃው። ይልቅ ያን ብርሃንሽን ንገሪኝ። ምንጊዜም ለሁሉም ባንዴ ነው የሚሄደው?»

አዎ ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። አይደለም። ከጣቢያው ወደ ቤቶቹ ሲወርድ ለሁሉም ባንዴ ይሄዳል። ከቤቶቹ ወደ ጣቢያው ሲመለስ ግን ሁሉም ባንዴ ከላኩ ይደባለቃል፣ ለማንም አይሆንም። ስለዚህ ጣቢያው ላይ ያለው ማሽን ለእያንዳንዱ ቤት ጊዜ ይሰጣል፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህን በየቀኑ ስሠራበት ኖሬ አንድም ቀን ከውሃ ጋር አላገናኘሁትም። ለአያ ኑርዬ በጭቃው ላይ በእንጨት እየሣልኩ አስረዳኋቸው።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እንግዲያው ብርሃንም አባት አለው በይኛ!» አሉ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ላይ ሰፈሮች ዶማና ድጅኖአቸውን ይዘው ሳጥኑ ዘንድ ተሰበሰቡ። ታች ሰፈሮች ደግሞ ቧንቧውን ሊጠብቁ ዱላ ይዘው መጡ። እትዬ ሐቢባ ከሁሉም ርቀው ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ላይ ወጣሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «የእትዬ ሐቢባ አይደለም። የተሰጠንን ንድፍ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ውሃን እንደ ብርሃን ቆጠርኩት፣ የሚያውቀውን ሰውም አልጠየቅሁም። ለላይ ሰፈር ለብቻው ሊሄድ የነበረው ቧንቧ ዛሬ ትምህርት ቤቱ ጋ ተቀብሯል። ልጆቻችሁ እየጠጡበት ነው፣ አውጡት አልልም። የቀረን ተራ ነው። እስከ ቀትር ለላይ ሰፈር ብቻ፣ ከቀትር በኋላ ለመሀልና ለታች።»

«ቆይ እንጂ!» አሻግሬ ነው። «የኛ ቦኖ ሳይቋረጥ እየሄደልን ለምን ብለን እንዘጋለን? እኛ ምን አጠፋን?»

ከኋላው ያሉት አጉረመረሙ። ከላይ ሰፈሮች በኩል አንዱ ድጅኖውን ከመሬት አነሳ። ይሄኔ አያ ኑርዬ በቀስታ ወደ መሀል ገቡ፣ እንደ ዋዛ።

«አሻግሬ፣ ሽንኩርትህ መቼ ነው ውሃ የሚጠጣው?»

«ማክሰኞ ነዋ። እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚሰጡኝ?»

«በሽንኩርትህ ቦይ ላይ ካንተ በፊት ስንት ማሳ አለ?»

«አስራ ሁለት።»

«አስራ ሁለቱ ሰዎች ማክሰኞ በመጣ ቁጥር በደጃቸው የሚያልፈውን ውሃ ሳይነኩ ላንተ የሚያሳልፉልህ ምን አጥፍተው ነው?»

አሻግሬ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ አንገቱን አከከ። ያ ሰውዬ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላው ያሉት የራሱ ሰዎች ሳቁበት። በመጨረሻ ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ «በቃ፣ ተራ ከሆነ ተራ ነው። ማን እምቢ አለ?» አለ፤ ማንም እምቢ እንዳላለ ሁሉ። ድጅኖው ተመልሶ መሬት ተቀመጠ። እትዬ ሐቢባ ከድንጋዩ ሲነሱ ሁለት ወጣቶች ሮጠው ደገፏቸው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የመሀልንና የታችን ቫልቮች ዘግቼ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ ጉብታው አይታይም። ማየት ባለመቻሌ ጥፍሬን በላሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ ከላይ እልልታ ወረደ፣ መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ ብዙ። አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፣ ቢያየኝም ግድ አልነበረኝም።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እትዬ ሐቢባ ናቸው። ውሃው ቆመ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ሰርኬ፣ ሁሉም ቀድቷል» አሉ። «ጀሪካኑም በርሜሉም ሞልቷል። ጎረቤቴ ረቢያ ልጆቿን በሙሉ ደርድራ አጥባቸዋለች። አሁን ለታች ልቀቂላቸው፣ እየጠበቁ ይሆናል።»

«እትዬ፣ ተራችሁ እኮ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ገና ሦስት ሰዓት ይቀራችኋል።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። አልሐምዱሊላህ፣ በቅቶናል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ለስንት ቤት መስመር እንዳስገባሁ አላስታውስም። ቀነሰብኝ ብሎ፣ ዘገየብኝ ብሎ፣ ጨምሪልኝ ብሎ ያልደወለልኝ ሰው ግን አልነበረም። በቅቶኛል፣ ለሌላው ስጪ ብሎ የደወለልኝ ሰው ቢኖር እትዬ ሐቢባ ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገደል የወረዱ ሴት፣ ውሃ ደጃቸው በደረሰ በሦስተኛው ሰዓት። ተነስቼ ቫልቮቹን ለመሀልና ለታች ሰፈር ከፈትኩ።